እምቦጭ ልንነቅል የሄድን ቀን

ባሕር የሌለበት አገር ተወልጄ ባሕር ልጄን ወሰደብኝ። «ወሰደብኝ» ብዬ መጻፍ የቻልኩት ግን ከዚህ በታች የምነግራችሁ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ይህን ቃል በቤቴ ውስጥ የተናገረ ሰው ከእኔ ጋር ተጣልቶ ነበር የሚወጣው።

ሞሚና እባላለሁ፤ የአሰላ ሰው ነኝ። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሱኝ። በአንድ ፋብሪካ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ሁሴን ገበያ ላይ እህል ይሸጣል። ከልጆቻችን ትልቁ ከሪም ነው። ከሪም የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ጠዋት «አቦምሳ ጓደኛዬን ጠይቄ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ቀጥሎ ድምፁን የሰማሁት ከጅቡቲ ሲደውል ነው።

«እማ፣ እንዳትቆጪ። ነገ ጀልባ እንሳፈራለን። ሳዑዲ ስገባ እደውላለሁ» አለኝ። ገና አፌን ስከፍት ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ የደወለው አብሮት የወጣ የሁሩታ ልጅ ነው። «እናቴ፣ ሁለት ጀልባ ነበርን። የእነሱ ተገለበጠ። ከሪምን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም» አለኝ እያለቀሰ። «አላየሁትም» አለ እንጂ «ሞተ» አላለም። እኔም ያችን ቃል አጥብቄ ያዝኩ። ጎረቤት ለተዕዚያ፣ ለለቅሶ ሊመጣ ሲነሳ በሬን ዘጋሁ። ሁሴን «መስጊድ ሄጄ በሌለበት ይሰገድበት ልበል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «ልጄን በሕይወቱ ልትቀብረው ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። ሁለተኛ አላነሳውም። እኛ ቤት ስለ ከሪም ሲወራ «ይወዳል»፣ «ይላል» ነው እንጂ «ይወድ ነበር» አይባልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውሃ እፈራለሁ። ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ ድምፁን ከሰማሁ ድልድይ አልሻገርም። በቴሌቪዥን ባሕር ከታየ ልጆቼ ተሽቀዳድመው ያጠፉታል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የፋብሪካችን ባለቤቶች ውጭ አገር ናቸው። በየአገሩ ያሉ ሠራተኞቻቸው በአንድ ቀን ወጥተው የባሕር ዳርቻ እንዲያጸዱና ዛፍ እንዲተክሉ ያደርጋሉ አሉ። ወጪው የድርጅቱ ነው፤ ጉልበቱ በፈቃድ ነው። እኛ ባሕር ስለሌለን የዝዋይ ሐይቅ ደረሰን። ሐይቁን እምቦጭ የሚባል አረም ወርሶታል፤ እሱን ነቅለን ዳርቻው ላይ ችግኝ ልንተክል ነው።

አብራኝ የምትሠራው አስቴር ሳቀች። አስቴር ጴንጤ ናት፤ መዝሙር ሳትዘምር መወልወያ አትጨምቅም። ከእኔ የቀረበ ጓደኛ የላትም፣ እኔም እንደዚያው። «ሰው ውሃ ዳር የሚሄደው ሊዝናና ነው» አለች። «እኛ ግን እዚያም ሄዳችሁ አጽዱ እንባላለን። ሞሚናዬ፣ መጥረጊያሽን እንዳትረሺ!»

«እኔ አልሄድም። ውሃ ዳር ምን አለኝ?» አልኳት።

አስተባባሪው ሮባ የሚባል ወጣት ነው፤ የተማረ፣ ትሑት ልጅ። ሰብስቦ ሲያስረዳን፣ «ውሃ ሁሉ የተገናኘ ነው። እዚህ የምናደርገው እስከ ትልቁ ውቅያኖስ ይደርሳል» አለን። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ስብሰባው ሲበተን ተከተልኩት።

«ሮባ፣ ልጄ፣ የእኛ ዝዋይ ከጅቡቲው ባሕር ጋር ይገናኛል?»

ስልክ እየመታ ነበር። ፈገግ ብሎ፣ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት «አዴ ሞሚና፣ ውሃ ሁሉ በመጨረሻ አንድ ነው» አለኝና ሄደ።

ልጁን አልወቅሰውም። ልጄ የት እንዳለ አያውቅም። እኔ ግን ያን ዕለት ዞር ብዬ ስሜን አስመዘገብኩ። አስቴር «ምን ነካሽ?» ብትለኝ ወደ መወልወያዬ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልንገራት? ልጄን የያዘውን ውሃ በእጄ ልነካው ነው ልበላት?

ቀኑ ደረሰ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቲሸርት ተሰጠን፤ የእኔ ሰፍቶኝ ከቀሚሴ በላይ እስከ ጉልበቴ ወረደ። አውቶቡሱ ከአሰላ ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ እየቀረ ሙቀት መጣ፣ ግራር በዛ፣ የሽንኩርት እርሻ ታየ። ከዚያ ሐይቁ ብቅ አለ። የአስቴርን እጅ ጨበጥኩ።

«ኧረ ጣቴን ሰበርሽው!» አለች። ቀና ብላ ስታየኝ ግን እጇን አልነጠቀችኝም።

እምቦጭ ሲያዩት ያምራል። ወይን ጠጅ አበባ አለው፤ ሜዳ መስሎ ውሃው ላይ ተነጥፏል። ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ገብተው እየቆረጡ በገመድ ያስሩታል፤ እኛ ዳር ቆመን እንጎትታለን። የወጣውን ሌሎች በመንሽ ቃሬዛ ላይ እየጫኑ ራቅ ወዳለ ቦታ ወስደው ለፀሐይ ያሰጡታል። እኔ የገመዱን ጫፍ ያዝኩ፤ ከውሃው በጣም የራቀውን። ወንዶቹ እያዜሙ ሲጎትቱ እኛም እንቀበል ነበር። አንዱ የማሽን ክፍል ልጅ፣ «አዴ ሞሚና ገመዱን ነው ወይስ እኛን ነው የምትጎትቺው?» ብሎ አሳቀን። እውነት ለመናገር ለጥቂት ጊዜ ፍርሃቴን ረስቼ ነበር።

ከምሳ በኋላ አንድ ክምር አልመጣ አለን።

«ሐይቁ አብሮ ሊወጣ ነው እንዴ?» አለች አስቴር እያለከለከች።

አንድ፣ ሁለት ብለን ሳብን። ክምሩ ተንሸራቶ ዳር ወጣ። ባለ መንሹ ሊያነሳ ጎንበስ አለና መንሹን ጥሎ ወደ ኋላ ሸሸ። «ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ። «በአላህ፣ ሰው ነው!»

ለዝግጅቱ የተከፈተው ሙዚቃ ወዲያው አልጠፋም። ድምፅ ማጉያው እየዘፈነ ነው እኔ የሮጥኩት። ያን ያህል የምፈራው ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ መግባቴን ያወቅኩት በኋላ ነው።

በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ቁመቱ የከሪም ነው። ትከሻው የከሪም ነው። ሲገለብጡት ስለ ፊቱ አልነግራችሁም፤ እናት የሆነች ሰውም ልታነበው ትችላለች። ውሃና ዓሣ ያገኘው ፊት አይለይም። ልብሱም በጭቃና በእምቦጭ ሥር ስለተጠቀለለ ቀለሙ አይታወቅም።

«እጁን አሳዩኝ» አልኩ። «ቀኝ እጁን!»

ከሪም ሕፃን ሳለ የጋሪ ጎማ ትንሿን ጣቱን ይዞት ነበር። ወጌሻ ቢያሻትም ጠማማ ሆና ቀረች። የሰውዬው ቀኝ እጅ ግን ከወገቡ በታች በሥርና በገመድ ተጠላልፎ ነበር። ልፈታው ስጎነበስ ሮባ ክንዴን ያዘኝ።

«አዴ ሞሚና፣ አይንኩት። ፖሊስ ሳይመጣ መንካት አይቻልም። ተደውሏል፣ እየመጡ ነው።»

«ልጄ ቢሆንስ?»

ሮባ ምን እንደምል አልገባውም። አስቴር ግን ገባት። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

የሚሸፍኑት ጨርቅ ጠፋ። ሁለት ግንዶች መካከል ታስሮ የነበረውን ትልቁን ባነር ፈተው አለበሱት፤ «ዳርቻችንን በጋራ እንጠብቅ» የሚለውን። ሠራተኛው ወደ አውቶቡሱ ጥላ ሸሸ። እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አስቴርም ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

«ሞሚናዬ፣ እይኝ» አለች። «ይሄ ሐይቅ ነው። ጅቡቲ የት፣ ዝዋይ የት!»

«ይገናኛል ብሏል ሮባ።»

ተነስታ ሄዳ ሮባን ይዛው መጣች። ፊቱ አመድ መስሏል። ከፊቴ ቁጢጥ አለ። «አዴ ሞሚና፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ዝናቡ ማለቴ ነበር። ይሄ ሐይቅ ወደ ባሕር አይፈስም። ከባሕርም ወደዚህ የሚመጣ ውሃ የለም። በደንብ ሳላስረዳ... ይቅር ይበሉኝ።»

እውነቱን እንደሚናገር አውቃለሁ። ግን ልብ አንድ በር ሲዘጋበት ሌላ ይቆፍራል። ከሪም ከባሕሩ ተርፎ፣ ባዶ እጁን ቤት መግባት አፍሮ፣ እዚህ የሽንኩርት እርሻ ላይ በቀን ሥራ ተቀጥሮ ቢሆንስ? ይሄንንም ለአስቴር ነገርኳት። ያፈሩ ልጆች እንዲህ እንደሚያደርጉ እሷም ሰምታለች።

ፖሊሶቹ ቆዩ። መንገዱ ሩቅ ነው አሉ። ፀሐይዋ ባነሩን ስታግለው ውሃ አምጥቼ እረጨው ነበር። ያን ጊዜ በውስጤ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ ለሁሴንም ጭምር የነገርኩት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ «ያ አላህ፣ እሱ አይሁን» እያልኩ ለመንኩ። ከዚያ ሳላውቀው ልመናዬ ቀዘቀዘ። አሰላ በምን እንደምንወስደው ማሰብ ጀመርኩ። ማን እንደሚያጥበው አሰብኩ። አባቴ አጠገብ ቦታ እንዳለ አሰብኩ። ሁሴን ሲሰግድበት፣ ሰፈሩ ሙሉ ሲመጣ፣ እኔ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ በነጋታው ደግሞ መቃብሩን በሩቅ አይቼ ስመለስ ታየኝ። ልቤ ሰላም የመሰለ ነገር አገኘ። እናንተ፣ እናት ልጇን እየቀበረች ሰላም ታገኛለች? እኔ አገኘሁ።

መጡ። አንዱ ፖሊስ ሸምገል ያለ ነው። ባነሩን ገለጥ አድርጎ ፎቶ አነሳ፤ አብሮት የመጣው የጤና ባለሙያ ተመለከተና ውሃ እንደበላው፣ ቀናትም እንደቆየ ተናገረ። ሽማግሌው ፖሊስ ወደ እኔ ዞረ።

«ኢልማ ኬቲ?» አለኝ። ልጅሽ ነው ወይ ማለቱ ነው።

«ጣቱን አሳዩኝ» አልኩት።

ሥሩን በቢላ ቆረጡት። እጁን ቀስ አድርገው አወጡና ጭቃውን በውሃ አጠቡለት። አየሁ። ጣቶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ትንሿም ቀጥ ያለች ናት።

«አይደለም» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ከኋላዬ። አስቴር «ጌታ ይመስገን!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሮባ ፊቱን ሸፍኖ ትንፋሹን ለቀቀ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። ከእኔ አፍ የወጣው ግን ሌላ ነው። እስከ ጀልባዎቹ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ታዲያ የኔ የታለ?» ብዬ ጮኽኩ። «የኔስ የታለ?»

የዚያን ጊዜ ነው ልጄ የሞተው። የሁሩታው ልጅ ሲደውል አልሞተም። ጣቶቹን አይቼ «አይደለም» ስል ነው፣ ይሄኛውን እንኳ እንደማይሰጡኝ ሳውቅ። መሬት ላይ ወደቅኩ። አስቴር ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ «አልቅሺ፣ አልቅሺ» ትለኝ ነበር። ከሪም ከወጣ ጀምሮ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ቀና ስል የዳርቻው ሰዎች ተሰብስበው ይከራከራሉ። ሟቹን የሚያውቀው አልተገኘም፤ ከአጥማጆቹ አይደለም። ሬሳው ማደር አይችልም፤ ፖሊሱ ቅበሩት ብሏል። የት ይቀበር?

አንዱ ጎልማሳ፣ «ማተብ የለውም፤ የእኛ ነው» አለ።

«እኛም ማተብ አናስርም» አለች አስቴር እንባዋን እየጠረገች። «የእኛም ሊሆን ይችላል።»

አንድ አረጋዊ ሼህ በምርኩዝ ተደግፈው መጥተው ነበር። አስቴርን ትኩር ብለው አዩዋት። «እውነት ነው፣ ልጄ» አሉ። «እኛ የምናውቀውን እናደርጋለን። አንቺም የምታውቂውን ጸልዪለት። እኛ ብንሳሳት አላህ አይሳሳትም።» ከዚያ ዙሪያውን አዩ። «ለዚህ ልጅ ሐዘንተኛ የሚሆነው ማነው? ሰው ያለ ሐዘንተኛ አይቀበርም።»

«እኔ እቆምለታለሁ» አልኩ።

ሮባ ሰዓቱን አየ፤ አውቶቡሱ የሚነሳበት አልፏል። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሄዶ አነጋገረውና ሞተሩን አስጠፋው። ከዚያ ለችግኝ የመጣውን አካፋ ይዞ ወደ መቃብሩ ቦታ ወጣ። የማሽን ክፍል ልጆች ተከተሉት። ከሰዓት ችግኝ ሊተክሉ የነበሩ እጆች መቃብር ቆፈሩ። ወንዶቹ አጠቡት፣ ከፈኑት፣ እምቦጭ ስንጭንበት በዋልነው ቃሬዛ ተሸከሙት። እኔና አስቴር እንደ ደንቡ ወደ መቃብሩ አልቀረብንም፤ ድምፅ በሚሰማን ርቀት ከግራር ሥር ቆምን። አስቴር ዓይኗን ጨፍና በሹክሹክታ ትጸልያለች።

አፈሩ ከለበሰ በኋላ ሼሁ መቃብሩ ራስጌ ተቀመጡ። በእኛ ዘንድ ሟች በእናቱ ስም እየተጠራ ምስክርነቱን እንዲያስታውስ ይነገረዋል። ሼሁ ቆም ብለው ወደ እኔ አዩ። «የእናቱ ስም ካልታወቀ የሐዋ ልጅ ይባላል። እሷ የሁላችን እናት ሔዋን ናት» አሉ።

ስሜ ምላሴ ላይ ደረሰ። የሞሚና ልጅ በሉት ልል ነበር። ስም ብቻ ነው፣ ምን ይጎዳል? ግን የሆነ ቦታ የወለደችው አለች። እንደ እኔ በሯን ዘግታ የተቀመጠች ልትሆን ትችላለች። ቦታዋን አልወስድባትም ብዬ ዋጥኩት። «የሐዋ ልጅ ሆይ» ብለው ጠሩት።

አሰላ ስደርስ የምሽቱ ሶላት፣ መግሪብ፣ ተሰግዶ ነበር። ሁሴን ከመስጊድ ተመልሶ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ቲሸርቴ ላይ ያለውን ጭቃ አይቶ «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ሁሴን፣ ሰው ጥራ» አልኩት። «ለከሪም።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበትና አለቀሰ። እኔን ብርቱ አድርጎ ያቆመኝ እምነቴ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ይሄ ሰው የእኔን ፈቃድ ሲጠብቅ ነው ልጁን ሳያለቅስ የኖረው። በጁምዓው በሌለበት ተሰገደበት። ድንኳን ተተከለ። ሮባ ከፋብሪካው ሰው ጋር መጣ፤ ምሽቱን ሙሉ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ሄደ። አስቴር ቤቴ አደረች።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲህ ተጽናናሁ አልላችሁም። ተስፋ ማለት ምን ያህል ሲያቃጥል እንደኖረ ያወቅኩት ሲጠፋ ነው። ሲጠፋ ደግሞ ይበርዳል። ቤታችን አሁን «ይወድ ነበር» ይባላል። ይህችን «ነበር» ስሰማ ዛሬም ደረቴን ይወጋኛል። ግን ታናናሾቹ ስለ ወንድማቸው ማውራት ጀምረዋል፤ ፈርተው ትተውት ነበር። ልጇ የጠፋባት ጎረቤት ካለቻችሁ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ደወለ ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ አታቁሙ፣ «ሞተ» ብላችሁም አትቅደሟት። አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። አስቴር ያደረገችልኝ ይሄንኑ ነው።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ሲያጥቡት ልብሱ ጠርቶ ታየ። ሼሁ ሹራቡን ለእኔ ሰጡኝ፤ ጠያቂ ከመጣ ብለው። ሰማያዊ ነው። የግራ ክርኑ ተቀዶ በአረንጓዴ ክር ተጠግኗል። ስፌቱ የገበያ አይደለም፤ ደቃቅ፣ ጥብቅ ያለ፣ ጊዜ ወስዶ የተሰፋ ነው። አጥቤ አስቀምጬዋለሁ።

እህቴ፣ ያን ክርን የሰፋሽው አንቺ ከሆንሽ ስሚኝ። ልጅሽ ከሐይቁ በላይ ከፍ ያለ ደረቅ መሬት ላይ ተኝቷል። ንጹሕ ጨርቅ ለብሷል። በሁለት ወገን ተጸልዮለታል። ስሙን ስላላወቅን አልጠራነውም፤ ያንን አንቺ ትጠሪዋለሽ። ብቻውን ግን አልተቀበረም። አልቅሼለታለሁ።

በዚያኛው ባሕር ዳርም ለእኔ ከሪም አንዲት ሴት ቆማለት ይሆናል።